ከማሽላ ኋላ የቆሙ መኪኖች

«ይሄ ወፍጮ እኮ ሞቷል፣ እትዬ። ያልተቀበረው አንቺ ስላልፈቀድሽ ብቻ ነው» አለ የጫት ነጋዴው፣ ጣቱን ወደ ግድግዳው ቀስሮ።

ከግድግዳው ማዶ ሞተሩ ጸጥ ብሏል። ጸጥ ያለው ሞቶ አይደለም፤ የነጋዴው የኤሌክትሪክ መኪና ኬብል መስመሩን ስለያዘው ነው። ይህን ግን በዚያች የሚዛን ክፍል ውስጥ ማንም አላነሳም።

እህቱ ሥራቸውን አልተዉም። ሰፌድ ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ከአንዲት ደንበኛ ማሽላ ውስጥ ጠጠር ይለቅሙ ነበር። አንዱን አንስተው አገላብጠው አዩትና መሬት ላይ ጣሉት።

«ጠዋት የስንት ሰው እህል ፈጨን?» ብለው እኔን ጠየቁኝ።

የአስራ አንድ ሰው አልኳቸው።

«ለሞተ ነገር ደህና ነው» አሉ።

እኔ የወፍጮው አስነሺ ነበርኩ። ድንጋዩን እወቅራለሁ፣ ቀበቶ እቀይራለሁ፣ እህል አፈሳለሁ፣ ጊዜ ሲተርፈኝ ዱቄት በለበሰ ደብተር ላይ ግጥም እሞነጫጭራለሁ። ግጥም ማንም አላስተማረኝም፤ ስለዚህ የማበላሸውም በራሴ መንገድ ነው።

ወፍጮው የነጋዴውና የእህቱ ነበር። አባታቸው፣ ጭሮ አሰበ ተፈሪ ብቻ ተብላ በምትጠራበት ዘመን ተክለውት፣ ለሁለቱ ትተውላቸው ሞቱ። ወንድምየው ከገለምሶ ጫት እየጫነ ሀብታም ሆነ። እህትየው ባላቸው ሲሞት ወፍጮ ቤት ገቡ፤ ከዚያ ወዲህ አልወጡም። ከተማው ሃጂያ ይላቸዋል። በውርስ ድርሻ የወንድምየው ይበልጣል፤ ቢሆንም ሃጂያ ካልፈረሙ ማሽኑ ከቦታው ንቅንቅ አይልም። ነጋዴው በየሳምንቱ እየመጣ የሚከራከረው ለዚህች ፊርማ ነው። ማሽኑን መቻራ ላለ አንድ የቡና ነጋዴ ሸጦ፣ ግቢውን በምዕራብ ሐረርጌ የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ መኪና ቻርጅ ማድረጊያ ሊያደርገው አስቧል። ገዢው ቅዳሜ ሊመጣ ተቀጥሯል።

«አርፈሽ ቤትሽ ቁጭ በይ ነው የምልሽ» አላቸው በዚያ ቀን። «ምን ይጎድልብሻል?»

ሃጂያ ይህን ቃል ይጠሉታል። አንድ ጊዜ ለእኔ ብቻ እንደነገሩኝ፣ ቤቷ ቁጭ ያለች ሴት የሰፈሩ ሁሉ ሞግዚት ናት፤ ልጁን ሁሉ እሷ ላይ ጥሎ ገበያ ይሄዳል። ወፍጮ ቤት ሳሉ ግን ጭሮ ውስጥ ማን እንደወለደ፣ ማን እንደተጣላ፣ የማን ማሽላ ነቀዝ እንደበላው ከሳቸው ቀድሞ የሚያውቅ የለም። ሰው እህሉን ይዞ ሲመጣ ወሬውንም ይዞ ይመጣል። ወፍጮው ከተሸጠ ሃጂያ የሚያጡት ሥራ ብቻ አልነበረም።

መኪኖቹ እንዴት ወፍጮ ቤት እንደገቡ መናገር አለብኝ። ነዳጅ የሚጠጣ መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ፣ ጭሮ ውስጥ አቅም ያለው ሰው አንድ በአንድ የኤሌክትሪክ መግዛት ጀመረ። እኛ ግቢ የሚመጡት ሦስት ነበሩ። አንዱ ነጋዴው ነው። ሁለተኛው ከሌላ ክልል ተመድቦ የመጣ የፊዚክስ መምህር ነው፤ መኪናውን የገዛው ከወንድሙ ጋር ሆኖ ነው፤ ወንድሙ ግን እስካሁን ተሳፍሮበት አያውቅም። መምህሩ ስድስት ዓመት ጭሮ ኖሮ፣ ከኦሮምኛ የሚያውቀው ሰላምታና የሥጋ ዋጋ መጠየቅ ነው። ሦስተኛው መድኃኒት ቤት ያለው ሰው ነው፤ ጴንጤ ስለሆነ አይቅምም፤ ለውዝና ለስላሳ ይዞ ይመጣል። በሕይወቴ ካየኋቸው ሰዎች ጫት ሳይቅም የሚመረቅን እሱ ብቻ ነው።

ቤት ውስጥ በሚመጣው መብራት መኪና መሙላት ኤሊ እንደ መጫን ነው፤ ዓርብ የተሰካ ቅዳሜ ይደርሳል፣ እሱም መብራት ካልጠፋ። የወፍጮ ቤት መስመር ግን ባለ ሦስት ፌዝ ነው፤ ጉልበት አለው። ይህን ያገኘው መምህሩ ነው። ዱቄት ሊያስፈጭ መጥቶ ሞተሩን ሲሰማ፣ የሚስቱን በቆሎ ትቶ ቆጣሪውን ፎቶ አነሳ። በሳምንቱ ከነኬብሉ መጣ። ችግሩ ሁለቱ አብረው አለመሄዳቸው ነው፤ መኪኖቹ ከተሰኩ ወፍጮው አይነሳም። አንዴ ሁለቱንም ሞክረን የሰፈሩን መብራት ጨምረን አጠፋን። መምህሩ የዚያን ቀን ጥፋቱ የወፍጮው እንደሆነ በሰሌዳ ላይ አስረዳን።

ነጋዴው ወዲያው ማኅበር መሠረተ፤ ሊቀመንበርም ሆነ። ስብሰባው መኪኖቹ እስኪሞሉ በሚዛን ክፍሉ ውስጥ፣ ባዶ ጆንያ ላይ ጋደም ተብሎ ነው። አጀንዳው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ አሁን ገበያው እንዴት ነው፣ ቀጥሎ የሚመጣው የትኛው ነው።

ሦስቱም መኪናቸውን ለሽያጭ አቅርበው ነበር። ሦስቱም የሚሸጡት አዲሱን ሞዴል ለመግዛት ነው። የጭሮ ሰው ደግሞ የእነሱን የማይገዛው አዲሱ እስኪመጣ እየጠበቀ ነው። አዲሱ ሲመጣ ከሱ በኋላ የሚመጣው ስም ይወጣለታል፤ ያን ጊዜ አዲሱም አሮጌ ይሆናል። የመድኃኒት ቤቱ ሰው አራት ወር ሙሉ የመኪናው መስታወት ላይ «የሚሸጥ» የሚል ወረቀት ለጥፎ ይነዳ ነበር። ገዢ ሲደውልለት ከክፍሉ ወጥቶ በረንዳ ላይ ቆሞ፣ እንደሱ ያለ መኪና በአገሪቱ እንደሌለ ይምላል። ተመልሶ ሲገባ ጋደም ይልና፣ እንደሱ ያለ ቆሻሻ መኪና በአገሪቱ እንደሌለ ለማኅበሩ ይነግራል። ሁለቱንም ከልቡ ነው።

የሚመጡትን ሞዴሎች እንደ ዘመድ ያውቋቸዋል። የትኛው ከቻይና ወደብ እንደተነሳ፣ የትኛው ጅቡቲ እንደደረሰ፣ የትኛው በሚኤሶ በኩል ሽራ ለብሶ እንዳለፈ። አንድ ቀን ሦስቱም ሥራ ትተው ሚኤሶ ወርደው፣ በከባድ መኪና ላይ የተጫኑ መኪኖች ሲያልፉ አይተው መጡ። ያዩት ሽራውን ነው። ስለ ሽራው ግን ሦስት ቀን አወሩ። መምህሩ ከሽራው እጥፋት ተነስቶ የባትሪውን መጠን አሰላ። ያቺ መኪና አንዴ ተሞልታ ከጭሮ አዲስ አበባ ደርሳ እንደምትመለስ፣ ከዚያም ተርፏት ሐረር ድረስ እንደምታስኬድ ተስማሙ። በዚያው ሰዓት የመምህሩ መኪና ከትምህርት ቤቱ ደጅ ተገፍታ መምጣቷን ያነሳ አልነበረም።

የነጋዴው የገለምሶ ጉዞም እንዲሁ አይነሳም። መምህሩ፣ መኪናው ቁልቁለት ሲወርድ ባትሪው ራሱን መልሶ እንደሚሞላ አስረድቶት ነበር። ከኩኒ ወደ በደሳ ያለው ቁልቁለት ነው፤ ስለዚህ ገለምሶ መሄድ በነጻ ነው ማለት ነው አለ ነጋዴው። አልሐምዱሊላህ ብሎ ሄደ፤ እውነትም በነጻ ደረሰ። ጫቱን ጭኖ ሲመለስ ያው ቁልቁለት ዳገት ሆኖ ጠበቀው። ኩኒ ሳይደርስ ቆመ። ጫት ደግሞ አይጠብቅም፤ ሰዓት ባለፈ ቁጥር ቅጠሉ ይረግፋል፣ ዋጋውም አብሮ ይረግፋል። በመጨረሻ ጭስ የምትተፋ አሮጌ ፒክአፕ በገመድ ጎትታ ጭሮ አስገባችው። ገመዱ እንዳይታይ ከተማው መግቢያ ላይ ፈትቶ፣ ቁልቁለቱን በራሱ ተንከባሎ ገባ። ለማኅበሩ ሲያወራ መኪናው አልቆመም፤ መንገዱ ነው ያልጨረሰው አለ።

ከሁሉ የሚገርመኝ የጆንያው ነገር ነው። በወፍጮ ቤት ሰልፍ የሚይዘው ሰው ሳይሆን ጆንያው ነው። ሴቶቹ በማለዳ መጥተው ጆንያቸውን ደርድረው ወደ ገበያቸው ይሄዳሉ፤ ጆንያ ባለበት ባለቤቱ እንዳለ ይቆጠራል፤ ሀብታምም ድሃም ከጆንያው ቦታ አይዘልም። መኪኖቹ እንደመጡ ሃጂያ ይህንኑ ደንብ አጸኑባቸው። መኪና ከሆነ መኪናው ከማሽላው ኋላ ይቁም አሉ። በዚያ ሰሞን ግድግዳው ላይ በከሰል ይህችን ጻፍኩ፦

ከቤንዚን ሰልፍ ወጥቶ ያመለጠ ጌታ፣
ከማሽላ ኋላ ተሰልፎ ተረታ።

ማንበብ የምትችል አንዲት ደንበኛ ለሌሎቹ ወደ ኦሮምኛ መለሰችላቸው፤ ሳቁ። ሊቀመንበሩ በኖራ አስቀባው።

ሳይቆይ ግን ማኅበሩ መላ አገኘ። መኪና በማለዳ ማምጣት ስለሚያስቸግር፣ ሦስቱም ለመኪናቸው ቦታ የሚይዝ ጆንያ በማለዳ መላክ ጀመሩ። ከሴቶቹ ጆንያ መሃል የነሱም ተገትሮ ይታያል፤ ተራው ሲደርስ መኪናው ይመጣል፣ ጆንያው ይነሳል። ሃጂያ ለአንድ ሳምንት ዝም ብለው አዩ። ከዚያ አንድ ማክሰኞ፣ ከፊት ያለው ጆንያ የመምህሩ ሲሆን፣ በሰልፍ ያለ ጆንያ እህል ነው፤ አምጥተህ አፍስስ አሉኝ።

አፉን ስፈታው ወረቀት ነበር፤ የፊዚክስ ፈተና ወረቀት፤ ሙሉ ጆንያ፣ በቀይ እስክሪብቶ የታረመ። ሴቶቹ ከበቡት። ሁሉም የልጁን ስም መፈለግ ጀመረ። አንዷ ማንበብ ስለማትችል ለእኔ ሰጠችኝ፤ ልጇ ከመቶ አስራ ሁለት አግኝቷል። ቤት ግን ሰባ አግኝቻለሁ ብሎ ጫማ ተገዝቶለታል። መምህሩ መኪናውን ነድቶ ሲደርስ፣ ስለ መኪና የሚጠይቀው ሰው አልነበረም፤ አስራ አምስት እናቶች ስለ ልጆቻቸው ነበር የሚጠይቁት። የምሽት ጥናት አስጀምራለሁ ብሎ ቃል እስኪገባ አልለቀቁትም።

ከዚያ በኋላ ስምምነት ተደረገ። ከአስር ሰላት፣ ከድኅረ ቀትሩ ጸሎት፣ በፊት ያለው ሰዓት የእህል፣ ከአስር ሰላት በኋላ ያለው የመኪና። ደንቡ ለሁለት ወር ያህል ሠራ። ነጋዴው ግን በሰዓት መካፈል አልበቃውም። ሙሉውን ነበር የሚፈልገው። የመቻራውን ገዢ ያገኘው ያኔ ነው።

ሐሙስ፣ ወፍጮው ሞቷል ከተባለበት ክርክር በኋላ፣ መብራት ጠፋ። ዓርብም አልመጣም። ለቅዳሜ የሃያ ምናምን ሰው ጆንያ ግቢውን ሞልቶ ደጅ ወጣ። አንዳንዱ ቤት ዱቄት አልቆበት ሰው ቆሎ እየበላ እንደሆነ እሰማ ነበር። ሦስቱ መኪኖችም ከጆንያዎቹ ኋላ ተሰልፈው፣ ያለችው ጉልበታቸው ተሟጥጣ መስታወታቸውን እንኳ አያወርዱም ነበር።

መብራቱ ቅዳሜ ከቀትሩ ሰላት፣ ከዙሁር፣ በኋላ መጣ፤ አስር ሰላት ገና ሁለት ሰዓት ይቀረው ነበር። ሴቶቹ ከተቀመጡበት ተነሱ። እኔ ድንጋዩን ላስተካክል ወደ ውስጥ ገባሁ። ስመለስ ሦስቱም ኬብሎች ተሰክተዋል። የእህል ሰዓት ነው አልኩ። ሊቀመንበሩ፣ ደንቡ የተደነገገው መብራት ላለበት አገር ነው፤ አሁን አስቸኳይ ጊዜ ነው አለኝ። ሃጂያ ከጓዳ ወጥተው አዩ። ግማሽ ሰዓት ብቻ አላቸው ወንድማቸው። ግማሽ ሰዓቱን ሰጡት። ሴቶቹ ጆንያቸው ላይ ተመልሰው ተቀመጡ።

የመቻራው ሰው በዚህ መሃል ደረሰ። ሽርጥ ለብሶ፣ ኮት ደርቦ፣ የመንገዱን አቧራ እስከ ቅንድቡ ይዞ የመጣ ሽማግሌ ነበር። ንጋት ላይ ተነስቶ፣ ገለምሶ ላይ ሚኒባስ ቀይሮ ነው የመጣው። ሰላምታው ረጅም ነበር፤ የሁሉንም ጤና፣ የዝናቡን፣ የቡናውን ጠይቆ ሲጨርስ፣ ወፍጮው ሲሠራ ልየው አለ።

አሁን፣ አሁን አለው ሊቀመንበሩ፣ ጫት እያቀረበለት። ሽማግሌው ሁለት ዘለላ ወስዶ ከጆንያዎቹ አንዱ ላይ ተቀመጠ። ስብሰባውም ቀጠለ። በዚያ ቀን የተነሳው በመጪው ዓመት ይገባል ስለሚባል ባለ ሰባት መቀመጫ መኪና ነበር። የመድኃኒት ቤቱ ሰው ያሁኑን በማንኛውም ዋጋ ሸጦ ያን እንደሚጠብቅ ተናገረ። መምህሩ ከሱ በኋላ የሚመጣው የተሻለ እንደሆነ ስላወቀ፣ ያን ዘሎ የኋለኛውን እንደሚጠብቅ ነገረው። ክርክሩ ጋለ። ሁለቱም ስለሌለ መኪናና ስለሌለ ባትሪ በቁጣ ተነጋገሩ።

ሽማግሌው ሲሰማ ቆይቶ፣ ይህ መኪና መቻራ ይደርሳል ወይ ብሎ ጠየቀ። መሄዱ ምንም አይደለም፣ መመለሱ ላይ ትንሽ ጥያቄ አለ፤ የሚመጣው ግን ይደርሳል አሉት። ሲበላሽ ማን ይሠራዋል አለ። ለጊዜው አዲስ አበባ ነው፤ የሚመጣው ግን አይበላሽም አሉት። መብራት ሲጠፋስ አለ። ሊቀመንበሩ ጫት ጨመረለት።

«የሚመጣውን ተዉትና» አለ ሽማግሌው በተሰባበረ አማርኛ፣ «እኔ የመጣሁ ያለውን ለማየት ነው። ወፍጮውን አሳዩኝ፤ መኪናዬ ታመልጠኛለች።»

መኪናዬ ያለው የገለምሶዋን ሚኒባስ ነው። ግማሽ ሰዓቱ ካለፈ ቆይቷል። ሁሉም ስልኩን አወጣ። ነጋዴው ስልሳ አንድ በመቶ፣ መምህሩ አርባ፣ የመድኃኒት ቤቱ ሰው ሠላሳ ስምንት ላይ ነበሩ። ሊቀመንበሩ መምህሩን ለአስር ደቂቃ ንቀል አለው። መምህሩ በሳይንስ ረገድ አንዱ ብቻ ቢነቀል ወፍጮው እንደማይነሳ አስረዳ፤ ሦስቱም መነቀል አለባቸው። የመድኃኒት ቤቱ ሰው ሁለቱ ከነቀሉ እሱም ለመንቀል ዝግጁ መሆኑን በታላቅ ትሕትና ገለጸ። መምህሩም ሊቀመንበሩ በምሳሌነት ቢጀምር ደስ እንደሚለው ተናገረ። ማንም አልተነሳም። መብራቱ ተመልሶ የሚጠፋበትን ደቂቃ የሚያውቅ ስለሌለ፣ አስር ደቂቃ ማለት ለእነሱ ሳምንት ማለት ነበር። ወፍጮውን ሊሸጥ የሚፈልገው ሰው፣ ወፍጮውን ለገዢው ማሳየት አልቻለም።

ሽማግሌው ሽርጡን አራግፎ ተነሳ። ሃጂያም በሩ አጠገብ ቆመው ነበር።

«አስር ደቂቃ ስጠን» አሉት ወንድማቸውን።

«እትዬ፣ ዛሬ ገለምሶ መድረስ አለብኝ። ጫቱ ተቆርጦ ይጠብቀኛል። ሽማግሌው ሌላ ቀን ቢመጡ ምን ይላቸዋል?»

«አንተ ከመኪናህ አስር ደቂቃ መስጠት አቃተህ» አሉ ድምፃቸውን ሳያነሱ። «ከእኔ ግን የቀረኝን ዕድሜ ነው የምትጠይቀኝ።»

ነጋዴው ስልኩን አየ። ስልሳ አንድ በመቶ ይላል። ስልሳ ሁለት ሆነ።

ሃጂያ ወደ እኔ ዞሩ። «ንቀል» አሉኝ።

ጀግና ነበርኩ ብል ውሸት ነው።  የግቢው ትልቅ ባለ ድርሻ ነጋዴው ነው፤ ነገ ወፍጮው ቢሸጥ እኔን ማንም መቻራ አይወስደኝም። ግን ሁለት ቀን ሙሉ ጆንያ ላይ የተቀመጡት ሴቶች ሁሉ አፌን ሳይሆን እጄን ነበር የሚያዩት። ሦስቱንም ነቀልኩ። መኪኖቹ አንዲት አጭር ድምፅ እያሰሙ መብራታቸውን አጠፉ። መምህሩ እንደ ታመመ ሰው ዓይኑን ጨፈነ።

ሞተሩን አስነሳሁት። የሚዛን ክፍሉ ግድግዳ ከነሰዎቹ ተንቀጠቀጠ፤ ለውዙ ከሳህኑ ወጥቶ መሬት ለመሬት ተበተነ። ሃጂያ የመጀመሪያውን ጆንያ ራሳቸው ይዘው አፈሰሱ። ደንበኛዋ ልትረዳቸው ብትል በክርናቸው ገፋ አደረጓት። ትኩስ ዱቄት መውረድ ሲጀምር ሽማግሌው እጁን ሰዶ ያዘ፤ በአውራ ጣቱ አሸው፣ አሸተተው፣ ጫፉን ምላሱ ላይ አደረገ። አጎንብሶ ቀበቶውን አየ፤ ጆሮውን ወደ ሞተሩ አስጠግቶ ልክ እንደ ሐኪም አዳመጠ። ሁለተኛው፣ ሦስተኛው ጆንያ ተፈጨ። ነጋዴውም ሳያስበው ከክፍሉ ወጥቶ መጥቷል። ጥቁር ኮቱ ትከሻው ላይ ነጣ። ዱቄቱን ሊያራግፍ እጁን አንስቶ፣ በሽማግሌው ፊት ላይ ደስታ ሲያይ ተወው።

አራተኛው ሲያልቅ ሃጂያ ምልክት ሰጡኝ፤ ዘጋሁት።

ያን ጊዜ ነው ነጋዴው የተናገረው። ሐሙስ ዕለት የሞተውን ወፍጮ፣ ቅዳሜ እንዲህ ብሎ አስነሳው፦ ድንጋዩ የጥንት ነው፣ እንደሱ ያለ አሁን አይገኝም። ሞተሩ አንድ ቀን አስቸግሮ አያውቅም። ዱቄቱ የጭሮ ሴት ሁሉ የምትመሰክርለት ነው። ይህ ግቢ የቆመው በሱ ነው፣ ወላሂ፣ እኛም ያደግነው በሱ ነው። መስማት የሚያስደስት ንግግር ነበር። ከሚመጣው መኪና በስተቀር ስለ ምንም ነገር እንዲህ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። ሃጂያ እጃቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ እስከ መጨረሻው አዳመጡት።

ሽማግሌው ዋጋ አልጠየቀም። ወደ ሃጂያ ዞሮ በኦሮምኛ፣ ማሽኑ ጥሩ ነው፤ እኔ ግን ከሚያሠራው ሰው አፍ ሳልሰማ አልገዛም፤ አንቺ ትሸጫለሽ ወይ አላቸው።

«ሂንጉርጉሩ» አሉት። ከዚያ ለመምህሩና ለመድኃኒት ቤቱ ሰው እንዲገባቸው በአማርኛ ደገሙት። «አልሸጥም። አልፈርምም።»

«ታዲያ ለምን አስነሳሽው?» አለ ወንድማቸው። ቁጣ አልነበረበትም፤ እውነት ግራ ገብቶት ነበር። «ሰውየውን ከመቻራ ድረስ...»

«ለእሳቸው ይቅርታ እጠይቃለሁ። ያስነሳሁት ለአንተ ነው። አባባ ከሞተ ወዲህ ሲዞር ቆመህ አይተኸው አታውቅም።»

ሽማግሌው ራሱን ነቀነቀ። መቻራ ሰው አንድ ቀን ተጉዞ የሚያስፈጨው እንዲህ ያለ ወፍጮ ስላጣ ነው አለ፤ ሌላ ይፈልጋል፤ ድንጋዩን የወቀረው ማን እንደሆነ ግን ማወቅ ይፈልጋል። ሃጂያ ወደ እኔ አመለከቱ። ሽማግሌው ወዲያው እጁን ሰጠኝ፤ ወፍጮ ሳገኝ መጥተህ ትወቅርልኛለህ አለኝ። ደረቅና ሻካራ እጅ ነበር። ግጥሞቼን ሰምቶ እንዲህ እጄን የጨበጠኝ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

ሴቶቹ አምስተኛውን ጆንያ እየጎተቱ አቀረቡ። መምህሩ በትምህርት ቤት ድምፁ፣ በደንቡ መሠረት እስከ አስር ሰላት የቀረውን ደቂቃ አስልቶ ተናገረ። የመድኃኒት ቤቱ ሰው የተበተነ ለውዙን እየለቀመ፣ ከእህሉ ቀጥሎ ተራው የማን እንደሆነ ቀስ ብሎ ጠየቀኝ።

ነጋዴው ግን መሃል ወለሉ ላይ እንደቆመ ነበር። ሃጂያ ጆንያውን ሊያነሱ ሲያጎነብሱ እጁን ወደ ጆንያው ጫፍ ሰደደ፤ ከዚያ መለሰው። ድርሻዬን በሌላ መንገድ እጠይቃለሁ አለ፣ ለማን እንደሚናገር ሳይለይ። ሃጂያ ጠይቅ አሉት። ከግድግዳው ላይ ኬብሉን ወስዶ ክንዱ ላይ ጠመጠመው። ጫቱን ረስቶት ሄደ፤ ነጋዴ ሆኖ ጫት ሲረሳ ያን ቀን ብቻ ነው ያየሁት። ወጣ። እኔ ሞተሩን ከማስነሳቴ በፊት ትንሽ ጠበቅኩ፤ ምናልባት ይመለሳል ብዬ። መኪናው ሲነሳ ድምፅ ስለሌለው፣ መሄዱን ያወቅነው የግቢው የቆርቆሮ በር ሲዘጋ ነው።